የሽፋ ሱቅ ርችት

ጅቡቲ፣ ሰኔ 28 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሀቢባ ሽፋ፣ ዲላ

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህች ወረቀት አንቺንም አባባንም በጤናና በሙሉ ቤት እንድታገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። በእኔ በኩል ከሙቀቱና ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም። የአባባን ጉልበት ስሚልኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ አገር ፈረንሳይ ወርዶ የራሳቸው ባንዲራ ወጣ። የዚያን ምሽት ከወደቡ ላይ ርችት ተተኮሰ። ሀቢባ፣ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም! ሰማዩ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን መሰለ፤ ባሕሩም አብሮ ቀላ። ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ያሰብኩት አባባን ነበር። እኛ ሱቅ የሚሸጠው፣ ያ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ጣት የማያህል ነገር፣ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው ብላቸው ያምኑኝ ይሆን?

የመናዊው አሠሪዬ ስለ ርችት የማያውቁት የለም። በመጋዘናቸው የሚያልፈው ርችት ሁሉ ከቻይና በመርከብ ነው የሚመጣው። በጥንት ጊዜ ቻይኖች ቀርከሃ እሳት ውስጥ ሲጥሉ ጧ ብሎ ይፈነዳ ነበር አሉኝ። ሰይጣን ድምፁን ፈርቶ ይሸሻል ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ ባሩድ ሲያገኙ በወረቀት ጠቅልለው ክር አበጁለት። ከዚያ በአረብ ነጋዴዎች እጅ፣ በባቡር ድሬዳዋ፣ በጭነት መኪና መርካቶ፣ ከመርካቶ የአባባ መደርደሪያ ላይ።

አባባ አሁንም ገዢውን ይመረምሩታል? «የት ነው የምትተኩሰው? የሣር ቤት አጠገብ ከሆነ አልሸጥልህም። ቡና መጋዘን አጠገብ ከሆነም አልሸጥልህም።» ማዘጋጃ ቤቱ ለበዓል ብቻ ይሸጥ ብሎ የጻፈላቸውን ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰቅለውት የለ! የመስቀል ዋዜማ ክርስቲያኑ፣ የመውሊድ ለት እስላሙ ደጃችን ላይ ሲጋፋ ይታየኛል።

የባቡሩ ሐዲድ በጦርነቱ ተቆርጧልና ለመጪው መስቀል የምልከው የለኝም። አምና ከላክሁት የተረፈ እንዳለ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እሱን አብቃቁ። አባባ እንደ ልማዳቸው ከደብዳቤሽ ግርጌ በአረብኛ ፊደላቸው አንድ መስመር ይጨምሩልኝ። እጃቸውን ሳይ አጠገባቸው የተቀመጥሁ ይመስለኛል።

ወንድምሽ ጠሃ

ዲላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠሃ ሽፋ

ወዐለይኩሙ ሰላም። እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤህ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ እኔም ዘግይቼ መለስኩ።

ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ከጨለለቅቱና ከአሪቻ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሱቁም ሲሸጥ ይውላል።

ስለ በዓል ዕቃ የጠየቅከውን ትተነዋል። ከእንግዲህ በደብዳቤ አታንሳው።

አባባ ደህና ናቸው። ሰሞኑን ቤት ስለማያመሹ ጽሕፈታቸው አልተጨመረበትም፤ ቅር እንዳይልህ። ብትችል ለእሳቸው አንድ ወፍራም ሹራብ ላክልኝ። ጠቆር ያለ ይሁን፤ እድፍ የማያሳይ።

ኢትዮጵያ ትቅደም።

እህትህ ሀቢባ

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1970 ዓ.ም.

እህቴ ሀቢባ፣

ሰላምታዬ ከአገር አገር ተሻግሮ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርሽም። ድሮ አንቺ ስትጽፊ የጎረቤት ዶሮ እንኳ ሳይቀር ጤናው ይነገረኝ ነበር። አሁን ያ ሁሉ የት ሄደ? መጨረሻው ላይ ያለውን መፈክርስ ከመቼ ወዲህ ነው ለወንድምሽ የምትጽፊው? ይህን የምልሽ ለወቀሳ አይደለም። ገብቶኛል፤ ያልገባኝን ደግሞ አልጠይቅም።

ሹራብ ፍለጋ የጅቡቲን ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። ሻጮቹ ሳቁብኝ። በዚህ እሳት አገር ማን ሹራብ ይሸጣል? በመጨረሻ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ መርከበኛ አንድ ጥቁር ሰማያዊ አገኘሁ። አንገቱ ድረስ የሚዘጋ፣ ወፍራም ነው። በአውሮፕላን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼዋለሁ።

አባባ ግን ሹራብ ለብሰው አያውቁም። ጋቢያቸው ይበቃቸው ነበር። እናም ሌሊት ስነቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ አባባ የት ቢተኙ ነው እንዲህ የሚበርዳቸው?

መልስሽን በጉጉት የምጠብቅ፣

ጠሃ

ዲላ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወንድሜ ጠሃ፣

ሰላምታዬ ካጠራቀምሁት ናፍቆት ጋር ይድረስህ። ይህን ወረቀት በፖስታ አልላክሁትም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ድንቅነሽ ባቡሩ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ጨርቅ ሊያመጡ እናንተ ዘንድ ድረስ ይዘልቃሉ። በቀሚሳቸው ጠርዝ ሰፍተው ነው የሚያመጡልህ። ስለዚህ አሁን እንደ ሰው ልጻፍልህ።

አስቀድሜ ይህን ስማ። አባባ በሕይወት አሉ፤ ይህን ስጽፍ ሱቁ ደጃፍ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። የቀረውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል ብዬ ነው።

አምና ክረምት የቀበሌው ሰዎች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ርችት መሸጥም መተኮስም ክልክል ነው አሉ። ድምፁ ከጥይት አይለይም፣ ፀረ አብዮተኛው በርችት ተከልሎ ይተኩሳል፣ ያለው ያስረክብ ተባለ። የተረከቡትን ወስደው ለገዳራ ወንዝ ውስጥ ደፉት። አባባ መደርደሪያ ላይ ያለውን አስረከቡ፤ አንዱን ካርቶን ግን ኮርኒስ ላይ አወጡት። «ማዘጋጃ ቤቱም በጃንሆይ ጊዜ ስንቴ ከልክሎ ስንቴ ፈቅዷል፤ ይሄም ያልፋል» አሉኝ። ብለምናቸውም አልሰሙኝም።

የመስቀል ዋዜማ ደመራው ሊለኮስ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ከገበያው በኩል አንድ ርችት ጧ አለ። ማን እንደተኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥበቃዎቹ ጥይት መስሏቸው ወደ ላይ ተኮሱ። ሰዉ እየተረጋገጠ ተበተነ። የተሰበረ አለ፤ የሞተ ግን የለም፣ አላህ አተረፈን።

በማግስቱ ሱቃችን ተፈተሸ። የሂሳብ አስተማሪ የነበረውን በዛብህን ታውቀዋለህ፤ አሁን ጓድ በዛብህ ነው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር። ካርቶኑን ከኮርኒስ አወረደና፣

«አቶ ሽፋ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላቸው።

«ርችት ነዋ፣ ልጄ። አንተም በልጅነትህ ከእኔው ገዝተህ ተኩሰሃል።»

ሰው ፊት ይህን ማለታቸው ነው መሰለኝ የባሰበት። «ፈንጂ» ተብሎ ተጻፈ። አባባን ይዘዋቸው ሄዱ።

ቀበሌው ግቢ ሲሚንቶ ላይ ነበር የሚተኙት። ሹራቡን የጠየቅሁህ ለዚህ ነው። ስንቅ ይዤ ስሄድ በር ላይ ተቀብለውኝ ባዶ ሳህኑን ይመልሱልኝ ነበር። ባዶ ሳህን መቀበል እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኔ ላይ አንድ መቶ አለቃ እስረኞችን ሊመረምር ከክፍለ ሀገሩ መጣ። ስንቅ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አየሁ።

«እኚህ ሽማግሌ በምንድን ነው የታሰሩት?» አለ።

«ፈንጂ ደብቀው ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ በዛብህ።

«ፈንጂው የት አለ?»

ካርቶኑን ከዕቃ ቤት አመጡለት። መቶ አለቃው አንዱን ጥቅል አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ያለውን የአንበሳ ሥዕል አየ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «ይሄ ነው?»

«ድምፁ ከጥይት አይለይም» አለ በዛብህ፣ ፊቱ እየቀላ።

«እስቲ እንስማዋ። አባት፣ ይተኩሱት!»

ጠሃ፣ ቢፈነዳ ፈንጂ ነው ሊሉ ነው። አባባ ክብሪት ተቀበሉ። እንደ ድሮው አንዱን ከጥቅሉ ፈትተው፣ ክሩን አቃንተው፣ ሰዉን «ወደ ኋላ በሉ፣ ወደ ኋላ!» ብለው ለኮሱት። ጥበቃዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። ጭስ ብቻ። ሌላ ለኮሱ፤ ፍስስስ ብሎ ጠፋ። ሦስተኛውም እንደዚያው። የዚህ አገር ዝናብ ኮርኒስ ላይም ዕቃ ቤትም ሳለ አርሶት ኖሯል።

መቶ አለቃው በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃዎቹም፣ እስረኞቹም ሳቁ። «በዚህ ነው አብዮቱን ሊያፈርሱ የነበረው? ልቀቋቸው!» አለ።

እኔ አላህን ሳመሰግን አባባ ከቦታቸው አልነቃነቅ አሉ። «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ። እርጥበት ነው። ትንሽ ፀሐይ ላይ ላስጣው፤ ይፈነዳል። የእኔ ዕቃ ፈንድቶ አያውቅም የሚል ሰው የለም!»

«አባባ፣ ይተዉ!» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። መንገድ ላይ እንባቸው ወረደ። የተፈቱበት ደስታ መስሎኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን፣ «ሽፋ የማይፈነዳ ይሸጣል ብለው ሳቁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አይናገሩም። ሌሊት ሌሊት ተቀምጠው ያነጋሉ። በር በኃይል ከተዘጋ ይደነግጣሉ፤ ስንት ዘመን ርችት የነገዱ ሰውዬ!

የምትልክልኝ ዕቃ የለም። ፎቶግራፍህን ብቻ ላክ። አባባ «መልኩ እየጠፋኝ ነው» ይላሉ።

ሀቢባ

ጅቡቲ፣ መስከረም 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

እት ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ቀሚሳቸውን ተርትረው ደብዳቤሽን ሲሰጡኝ መጋዘኑ ውስጥ በርችት ካርቶኖች መሐል ቆሜ ነበር። እዚያው ተቀምጬ አነበብሁት። ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ሌላ ነገር ሆነ። አሠሪዬ መጥተው «ምን ሆነሃል?» ቢሉኝ «አባቴ ተፈቱ» አልኳቸው። መታሰራቸውን ነግሬያቸው ስለማላውቅ ግራ ገባቸው።

ሰኔ ላይ የነጻነቱ ቀን በዓመቱ ተከብሮ ርችት ተተኩሶ ነበር። ያን ጊዜ ገና አልሰማሁም፤ ግን ልቤ ፈራና ወጥቼ አላየሁም። በር ዘግቼ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።

የዲላ ዝናብ ይናፍቀኛል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንቺ ባልዲ ለመደቀን ስትሮጪ ይታየኛል። እዚህ ሰው ደመና ሲያይ ሥራውን ትቶ ይቆማል። ያ ዝናብ አባባን እንዳተረፈልኝ ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ይናፍቀኛል።

ፎቶዬን ልኬያለሁ። ሐዲዱም ተጠግኗል። ሀቢባ፣ መምጣት እፈልጋለሁ። ምን ትያለሽ?

ጠሃ

ዲላ፣ ኅዳር 25 ቀን 1971 ዓ.ም.

(አባባ እንደሚናገሩት የተጻፈ)

ልጄ ጠሃ፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ይጠብቅህ። ፎቶህ ደረሰኝ። ከስተሃል። ኮቱን ፎቶ አንሺው ያዋሰህ ይመስላል፤ ትከሻው ሰፍቶሃል። አንገትህ ግን የእናትህ አንገት ነው፣ አላህ ይማራት።

እኔ ደህና ነኝ። ስኳሩ በቀበሌ በኩል ነው የሚታደለው፤ እኛ ጨው፣ ክብሪትና ሻማ እንሸጣለን። አንዳንዱ እየመጣ «አቶ ሽፋ፣ የማይፈነዳ ርችት አለ?» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። ሰው መሳቁም ደግ ነው።

እህትህ ልምጣ ወይ ብለሃል አለችኝ። ይህ ምን ይጠየቃል? ና። ሌላ የምለው የለኝም። ጽፋው፣ ሀቢባ፤ ና በይው።

(ከዚህ በታች የአባባ ጽሕፈት በአረብኛ ፊደል አንድ መስመር አለ።)

ጠሃ፣ ይህን እኔ ነኝ የጨመርሁት፤ ወረቀቱም እንደ ባለፈው በወይዘሮ ድንቅነሽ ቀሚስ ነው የሚደርስህ። አባባ «ምን ትጽፊያለሽ?» ሲሉኝ «ሰላምታ» አልኳቸው።

አትምጣ።

የአቶ ሰብስቤ ልጅ ከጅቡቲ መጥቶ ነበር፤ አብሮህ የተማረው። መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ «እዚያ ከማን ድርጅት ጋር ነበርክ?» ብለው ያዙት። እናቱ ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ ከረሙ። ባለፈው ሳምንት ምግቡን ሳይነኩ መለሱባቸው። ስንቅ ሲመለስ ሰውየው የለም ማለት ነው፤ ይህን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። እናቱ ጮኸው ማልቀስ እንኳ ፈርተዋል።

አባባ ይህን አልሰሙም። በየቀኑ ጠዋት አውቶቡስ የሚገባበትን ሰዓት ይጠይቁኛል። እኔ ምን ልበላቸው? አንተን ለማየት ዓይኔ ተንከራቷል፤ አትምጣ ብዬ የምጽፈው ግን እኔው ነኝ።

ሀቢባ

ጅቡቲ፣ የካቲት 8 ቀን 1971 ዓ.ም.

እት ዓለም፣

እንደምን ከረማችሁ? ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ፤ ይቅር በይኝ። አልመጣም ብዬ ለመጻፍ ወረቀቱን ሳወጣ የአባባ አረብኛ ትታየኝና እመልሰዋለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯል ወይ? «ና» የምትለዋ ቃል ወደ ታች ዘማለች።

አሁን አንድ ነገር አሰብኩ። ድንበሩ ላይ ደወሌ የምትባል ጣቢያ አለች። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ለፍተሻ እዚያ ብዙ ይቆማል። ከእኛ ወገን ነጋዴው ሁሉ እየሄደ ፍየልና አትክልት ይገዛል፤ ለገበያተኛ የሚጠይቅ የለም። ወይዘሮ ድንቅነሽ አባባን ይዘው እስከዚያ ቢመጡ፣ እኔም እስከዚያ ብደርስ፣ እንተያያለን።

መንገዱ ለእሳቸው ከባድ ነው። አልችልም ካሉ አልከፋም። አንቺ ካመንሽበት ብቻ ንገሪያቸው።

ጠሃ

ዲላ፣ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.

ጠሃ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ነገርኳቸው። ከዱካው ተነስተው «ጫማዬ የት አለ?» አሉ። «አባባ፣ ዛሬ አይደለም እኮ» ብላቸው «ላስጠርገው ነው» አሉኝ።

የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እኔ እሄዳለሁ ብል እምቢ ብለው ራሳቸው ጓድ በዛብህ ዘንድ ገቡ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ።

«ድሬዳዋ ምን ሊያደርጉ?» አላቸው።

«ዓይኔን ላሳይ።»

«ሐኪም ያለው ድሬዳዋ ብቻ ነው?»

በዛብህ ቀና ብሎ አያቸው፤ ፊታቸውን፣ ከዚያ የተጠረገ ጫማቸውን። ቆይቶ ፈረመና ማኅተሙን መታ። ወረቀቱን ሲሰጣቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓይንዎ የናፈቀውን አይቶ ይመለስ» አለ። ምን ያህል እንደገባው አላውቅም። አሥር ዓመት ቢያልፍ እንኳ ስለዚያ ሰው አንድ ደግ ነገር ልጽፍ እችላለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ይኸው ጻፍኩ።

እኔ አልመጣም። ሁለታችንም ከሄድን ሸሹ ይባላል፤ ሱቁም ይታሸጋል። ስታያቸው እጃቸውን ቶሎ አትልቀቅ። እኔን ይዞኝ የከረመ እጅ ነው።

ሀቢባ

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1971 ዓ.ም.

እት ዓለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አባባ ደህና ገብተው ይህን አብራችሁ እንደምታነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ባቡሩ ደወሌ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሰው እየወረደ ያልቃል፣ አባባ የሉም። ቀሩ አልኩ በልቤ። ከዚያ ከመጨረሻው ፉርጎ ወይዘሮ ድንቅነሽ ደግፈዋቸው ወረዱ። እንዲህ ትንሽ ሰው ነበሩ እንዴ? ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጭንቅላቴን ይዘው አቀኑኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጢሜን። «አሃ» አሉ።

ከጣቢያው ጀርባ አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሶላት ትሰግዳለህ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ሚስትስ አሉኝ፤ ገና ነው አልኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«እዚያ ርችት ክልክል ነው?»

«ወደቡ አጠገብ ክልክል ነው አባባ፤ ነዳጅ ስላለ። ለበዓል ግን ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ለይተው።»

«እንደሱ ነው የሚሻለው» አሉ። «እኔም ሰው ደንግጦ እንዲበተን አልነገድኩም። በዚያ ለት የተሰበሩትን ሰዎች አስባቸዋለሁ። የተኮሰው ከእኔ ገዝቶ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ግን አስባለሁ።»

ይህን ለአንቺ ነግረውሽ ያውቃሉ? ለእኔ ነገሩኝ፣ ወደ ሐዲዱ እያዩ። እጃቸውን ያዝሁ። አልለቀቅሁም፣ እንዳልሽኝ።

ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ተኝተዋል። ፍየሎቹ ይጮኻሉ፣ ገበያተኛው ይከራከራል፣ ፈታሾቹ ሳጥን ይወረውራሉ፤ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ወይዘሮ ድንቅነሽ መጥተው፣ «ቀስቅሳቸው እንጂ! ይህን ሁሉ አገር ያቋረጡት ሊያዩህ ነው፤ የመመለሻው ባቡር ሊነሳ ነው» አሉኝ።

«ይተዉዋቸው» አልኩ።

ልነግራቸው ያሰብሁት ብዙ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳጠራቅም የኖርሁት። አንዱንም አልነገርኳቸውም። እንዳልነካቸው ትንፋሼን እየቆጠብሁ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ ተቀመጥሁ። ጢማቸው ላይ ዝንብ ሲያርፍ በሌላው እጄ አባርራለሁ።

ፊሽካው ሲነፋ ነቁ። እኔ ግን ቀድሜ የእሳቸውን መደንገጥ ጠብቄ እጃቸውን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ነበር። አልደነገጡም። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ አፈሩም።

«ተኛሁ እንዴ?»

«ትንሽ ነው፣ አባባ።»

አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ባቡሩ እየሄድን፣ «ከታሰርኩ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አሉኝ።

ወንድምሽ ጠሃ